በረካ ያልደረሰ ወሬ

ጅማ ውስጥ የመብራት ምሰሶ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ መብራት መሸከም ነው፤ በዚህኛው አልፎ አልፎ እረፍት ይወጣል። ሁለተኛው ማስታወቂያ መሸከም ነው፤ በዚህ ግን እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚከራይ ሰርቪስ ቤት፣ የጠፋ መንጃ ፈቃድ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ማጠናከሪያ፣ ውሃ የማይኖርባቸው ቀናትና ቀበሌዎች፣ ሁሉም አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይለጠፋሉ። ቆሞ የሚያነባቸው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ራሱ የለጠፈው ነው፣ ሳይጣመም መለጠፉን ለማየት። ሌላው ባጃጅ ያጣ መንገደኛ ነው። ከዚያ የጅማ ዝናብ ይመጣል። ዝናቡ አድልዎ የለበትም፤ የግለሰቡንም የመንግሥቱንም ወረቀት እኩል ያጥባል፤ ቀኑና ሰዓቱ ከማህተሙ ሰማያዊ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህም ሆኖ ውሃ ይጠፋል የተባለበት ቀን ሲደርስ ሰፈሩ ጀሪካኑን ሞልቶ፣ ልብሱን አጥቦ፣ ልጆቹን ገላ አጣጥቦ ይጠብቃል። ወረቀቱን ያነበበ ሰው ሳይገኝ ወረቀቱ የሚለው ሁሉ ታውቋል።

ወረቀቱ እንዴት ሳይነበብ ተሰማ ለሚል መልሱ ከምሰሶው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ገደማ አንድ ቤት ቡና ይቆላል። ጭሱ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ይገባል፤ ቀጥሎ ሙቀጫው ድው ድው ማለት ይጀምራል። ይህ ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ተሟልቶለት የጎደለው ማህተም ብቻ ነው። ለወጉ ያህል ደግሞ አንድ ሕፃን ይላክና በየበሩ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ይላል። ማን እንዳለ አይናገርም፤ የሚጠይቀውም የለም፤ አፍንጫ ቀድሞ ነግሯል። ምሰሶው ላይ ያለው ወረቀት ሥራውን የሚጨርሰው እዚህ፣ ረከቦቱ ዙሪያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፦ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም በሊሙ ገነትም በየቡም፣ ማስታወቂያ ማስታወቂያ የሚሆነው በጎረቤት አፍ ሲያልፍ ነው። ያ የጎረቤት አፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደሚታማው ልቅ አይደለም፤ ጥብቅ አርታኢ አለው። አርታኢው ጀበናው ነው።

ጀበና እንዴት ያርማል ለሚል ሰው ሥርዓቱን አንድ በአንድ ማየት ነው። አቦል ሲቀዳ ወሬው ትኩስ ነው፤ እንደ ሲኒው አፍ ያቃጥላል። አንዷ «ሐሙስ ውሃ የለም አሉ» ትላለች። በዚህች «አሉ» ውስጥ ተናጋሪ የለም፤ ተናጋሪ የሌለው ወሬ ደግሞ ቶና ላይ አያልፍም። ሁለተኛው ሲቀዳ ጥያቄው ይመጣል። «ማን አለሽ?» «ምሰሶው ላይ ተለጥፏል።» «እሱማ ያለፈው ወር ነው፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።» «የለም እትዬ፣ ይሄኛው አዲስ ነው።» «የኛን ቀበሌ ይጨምራል?» እዚህ ላይ ዝም ይባላል። ከዚያ ቡና ጠጡ ሲል የዋለው ሕፃን እንደገና ይጠራል፤ ፊደል የቆጠረ በመሆኑ ወደ ምሰሶው ይሮጣል። እሱ እስኪመለስ ቆሎው ይዞራል፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ጥቂት ምሬት ይገባል። በረካ ሲቀዳ ልጁ እያለከለከ ይደርሳል፤ የታችኛው ሰፈር ሐሙስ፣ የእኛ ዓርብ። ወሬው ታረመ። ያረመችው ብቻ ሳትሆን የተሳሳተችውም እዚያው ተቀምጣለች፤ ነገም ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቡና የማፍላቱ ተራ የእሷ ነው። ይህቺን ትንሽ ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፦ ወሬ የሚታመነው ነጋሪው ከነገረ በኋላ በሚቀመጥበት ጊዜ ልክ ነው። ነግሮ የሚሮጥ ሰው እውነትም ቢናገር ያስጠረጥራል፤ ነግሮ ሁለት ሲኒ የሚቆይ ሰው ቢሳሳት እንኳ ስህተቱ ከግቢው አይወጣም።

ሰው ቡና ይዞ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ወሬ እንደሚጣራ ገዢዎችም ደርሰውበታል፤ የተቀበሉት ግን በደስታ አልነበረም። መካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1511 ኻይር ቤግ የተባለው ሹም ቡና አስከለከለ፤ ካይሮ የነበረው ሱልጣን ነው ክልከላውን የሻረው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1675 መገባደጃ ላይ ቡና ቤቶች የሐሰት ወሬ መፈልፈያ ሆነዋልና ይዘጉ ሲል አዋጅ አወጣ፤ የለንደን ሰው እሪ ስላለ አዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል በቀናት ውስጥ ተነሣ። እዚያው ለንደን ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ከፍቶ ነበር። ደንበኞቹ መርከበኞች፣ ነጋዴዎችና የመርከብ ባለቤቶች ስለነበሩ የትኛው መርከብ ደረሰ፣ የትኛው ሰጠመ የሚለው ወሬ የሚጣራው በእሱ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ከዚያ ጠረጴዛ ዛሬ በዓለም የታወቀው የሎይድስ የመድን ገበያ ተወለደ፤ በዚያ ገበያ አንዳንድ ሠራተኞች እስከ ዛሬ «አስተናጋጅ» ተብለው ይጠራሉ። የወደብ ሰዎች ስለ መርከብ ወሬ ቡና ቤት ተሰብስበው ይህን ያህል ከሠሩ፣ ቡናው በጓሮው የሚበቅልለት የጅማ ሰው ረከቦት ከቦ የውሃ ፈረቃ ቢያጣራ ምኑ ይገርማል? (ቡናው መጀመሪያ የበቀለው በጎማው ጮጬ ነው ወይስ በከፋው ማኪራ የሚለውን እዚህ አላነሣም። ይህ ጥያቄ ገና ቶና ላይ ነው፤ በረካው መቼ እንደሚቀዳም አይታወቅም።)

በራሷ በጅማም ወሬ ያለ መንገድ አልኖረም። አባ ጅፋር 2ኛ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅሬን ላይ ሆነው ሲገዙ የቤተ መንግሥቱ ቃል ወደ 60 የሚጠጉ አውራጃዎችን ወደሚመሩት አባ ቆሮዎች ይወርዳል፣ ከእነሱ ወደ አባ ጋንዳዎች፣ ከአባ ጋንዳ ወደ ደጃፍ። ይህ ወደ ታች የሚፈሰው ነው። ወደ ጎን የሚፈሰው ደግሞ የሂርማታ ገበያ ነበር። ስለ ጅማ መንግሥት መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኸርበርት ሉዊስ፣ በበጋ ጥሩ ቀን ሲሆን ገበያው እስከ 30,000 ሰው ይስብ እንደነበር መዝግቧል። ሠላሳ ሺው ሰው በሙሉ ጨው ፈልጎ እንዳልመጣ ግልጽ ነው። የገበያውን ቀን ሐሙስን ጠብቆ ከሩቅ የሚወርደው ባለ አህያ የሚጭነው እህል ትንሽ፣ የሚመልሰው ኦዱ፣ ማለትም ወሬ፣ ግን ብዙ ነው። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይላል ተረታችን፤ ባለ አህያው በእግሩ የሚሄደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የመጀመሪያውና ትልቁ ተቃውሞ ይመጣል፤ «ይህ ሁሉ ማሳመሪያ ነው፤ የቡና ወሬ ሌላ ስሙ ሐሜት ነው» የሚለው። ተቃውሞው እውነት አለው። ቡና ላይ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ የማን ባል ስንት ሰዓት እንደገባ ይነሣል፤ ከዚህ ወሬ ትልቁን ዋጋ የሚከፍሉትም ልጃገረዶች ናቸው። ይህን ለማስተባበል አልሞክርም። ነገር ግን ያ የወሬ መረብ ልቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ማድረግ ባልቻለ ነበር፦ ዝም ማለት። እንደሚችል የሚያሳየው ደግሞ መርዶ ነው። አንድ ሰው ዘመዱ ሩቅ አገር ሲሞትበት ሬዲዮም ምሰሶም አይነግረውም። ወሬው መጀመሪያ ለአንድ ጎረቤት ይደርሳል፤ ከዚያ ለእድሩ ዳኛ፣ ለሽማግሌዎች፣ ለንስሐ አባቱ ወይም ለመስጊዱ ኢማም፣ ንፍሮ ለሚቀቅሉት ሴቶች፣ ድንኳን ለሚተክሉት ጎረምሶች። ባንድ ምሽት ምናልባት አርባ ሰው ያውቃል። ባለጉዳዩ ግን እራቱን በልቶ ይተኛል። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሁሉ «እንዴት ዋልክ?» ይሉታል፤ ምናልባት ከወትሮው ጥቂት ረዘም አድርገው። ቡና ላይ ስሙ ሲነሣ ወሬው በዘዴ ወደ ዝናብ ይዞራል። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ በር ያንኳኳሉ፤ ሰውየው ገና ሲያያቸው ይገባዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው በዚህ ቀን ነው፤ ባዳ የሆነለትም ለደጉ ነው። አርባ ምላስ አንድ ሌሊት ተቆልፎ ማደሩን ያየ፣ እነዚያው ምላሶች የሚናገሩት መቆለፍ አቅቷቸው ነው ለማለት ይከብደዋል። የሰፈር ሰው የሚወራውንና የማይወራውን ለይቶ ያውቃል፤ ሐሜቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ መርጦ የሚሠራው ጥፋት ነው። ጥፋት መባሉን አልክድም፤ እብደት ነው መባሉን ግን አልቀበልም።

ሞት ሰፈር ውስጥ ሲሆን ደግሞ አሠራሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ወሬው መሮጥ አለበት። ገና ጎህ ሳይቀድ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ይነሣል። አንዴ ረዘም አድርጎ ይነፋል፤ የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ይመልሱለታል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ ቀብሩ የት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይለፍፋል። እዚህ ላይ የቴክኖሎጂው ድክመት ይታያል፤ ውሾቹ ዝም የሚሉት ስሙ ተጠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያዳምጠው እድርተኛ በደንብ የሚሰማው «ዘጠኝ ሰዓት» የምትለዋን ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ በአጥሩ በኩል «ማን አሉ?» የሚል ድምፅ፣ ከማዶ «እኔም አልሰማሁት፤ ቆይ የላይኞቹን ልጠይቅ» የሚል መልስ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስሙ ታርሞ፣ ከነአባቱ ተሟልቶ ይመለሳል። ከመስጊድ ድምፅ ማጉያ ጀናዛ ሲነገርም እንዲሁ ነው፤ በእስልምና ቀብር ስለማይዘገይ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያቀብለው በሩጫ ነው፤ የሚሮጠው ክርስቲያን፣ ሟቹ ሙስሊም መሆኑ ወይም የዚህ ተቃራኒ ጅማ ውስጥ ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነገር አይደለም። በብዙ እድር ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ «አልሰማሁም» የሚለው ይግባኝም ብዙ አያስኬድም። ጡሩንባውን ባትሰማ ጎረቤትህ አልነገረህም ወይ ትባላለህ። ጎረቤቴ አልነገረኝም ካልክ ደግሞ ያ ሌላ ስብሰባ የሚያስጠራ ከባድ ክስ ነው። እንግዲህ እድር፣ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ባይጽፈውም፣ ወሬ ማቀበልን እንደ ወርኃዊ መዋጮ የሚቆጥር ተቋም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዘመናዊ ልብስ ለብሶ ይመጣል። «ሞትና የውሃ ፈረቃ ይሁን፤ ገንዘብ ያለበት ወሬስ? የቡና ዋጋ በረከቦት ሳይሆን በስልክ ይታወቃል» ይላል። ለዚህ ተቃውሞ እኔው የተሻለ ማስረጃ ልስጠው። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት የሕንዷን የኬረላን ዓሣ አጥማጆች ተከታተለ። ሞባይል ከመምጣቱ በፊት ጀልባው አንዱ ዳርቻ ደርሶ ገዢ ሲያጣ ሰርዲኑን መልሶ ባሕር ይደፋል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ዳርቻ ደግሞ ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ስልክ ሲመጣ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ መደወል ጀመሩ፤ ዋጋው በየዳርቻው ተቀራረበ፣ የአጥማጁ ትርፍ ጨመረ፣ ለበላተኛውም ረከሰ። የቡና ገበሬና የዓሣ አጥማጅ ዕጣ ደግሞ አንድ ነው። ቀይ እሸት ቡና እንደ ሰርዲን ነው፤ ዛሬ ተለቅሞ ዛሬውኑ ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ መብላላት ይጀምራል፣ ደረጃውም ይወድቃል። ስለዚህ የእሸት ዋጋ ወሬ ዕድሜው አንድ ቀን ነው፤ ማታ የደረሰ የጠዋት ዋጋ ለታሪክ ጸሐፊ እንጂ ለገበሬ አይጠቅምም። እዚህ ላይ ስልክ ከጀበና እንደሚፈጥን አምኜ እጅ እሰጣለሁ።

እጅ የምሰጠው ግን ግማሹን ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ካመጣቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ዋጋን ለሁሉ ማሳወቅ ነበር፤ በየገጠር ከተማው የሚበራ የዋጋ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ 929 ደውሎ መስማትም ተቻለ። ሰሌዳው የሚናገረው ግን በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የሚናገረውም ስለተዘጋጀ ቡና፣ በደረጃ ስለተለየ ነው። የጎማው ገበሬ በእጁ ያለው እሸት ነው፤ ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚሆን እሸት ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። እንግዲህ ገበሬው ሰሌዳው ሥር ቆሞ የፈረሱላውን ዋጋ ለ17 ያካፍል፣ ውጤቱን ለ6 ያካፍል፣ የማጠቢያውን፣ የማጓጓዣውን፣ የአቅራቢውን ትርፍ ይቀንስ፤ ከዚያ ሰብሳቢው የሰጠው ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ይወስን ማለት ነው። ይህን ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የሒሳብ ማጠናከሪያም አያስተምርም። ገበሬው የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ትናንት የሸጠውን ጎረቤቱን «ስንት ገባልህ?» ይለዋል። ጎረቤቱ የሚመልሰው በብርና በኪሎ ነው፣ በዚያው በሚያውቀው እሸት። ቀጥሎ ደግሞ ማንኛውም ሰሌዳ የማይነግረውን ይጨምርለታል፤ የማን ሚዛን እንደሚጎትት፣ ማን ጆንያውን ደርቦ እንደሚቀንስ፣ ማን ነገ ና እያለ ገንዘብ እንደሚያዘገይ። ዋጋ ቁጥር ነው፤ ሚዛን ግን ጠባይ ነው። የኬረላው አጥማጅ ስልክም ቢሆን ከወዲያኛው ጫፍ ያነሣው የነበረው የሚያውቀው ገዢ ነው እንጂ ሰማይ አይደለም። ስልኩ የጎረቤትን አፍ አረዘመው፤ አልተካውም።

በሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን ይህን ያህል ደግ አይደለሁም። እዚያ ወሬ የሚገባው «እንደደረሰኝ» በምትል አንዲት ቃል ታጅቦ ነው፤ ትርጉሟም እኔን አትጠይቁኝ ማለት ነው። ረከቦት ዙሪያ «ማን አለሽ?» ስትባል መልስ ያጣች ሴት ፊቷ ይቀላል፤ ግሩፕ ውስጥ ፊት የለም፣ ያለው የአበባ ምስል ነው። አሥር ሰው ያንኑ ወሬ ሲያስተላልፍ አሥር ምስክር የተገኘ ይመስላል፤ አንዱም ግን አላየም። የአፋር ሰዎች ዳጉ በሚሉት ሥርዓታቸው ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይነጋገራሉ፤ ያላዩትን አየሁ ማለት ነውር ነው። በረሃ ውስጥ የተሳሳተ የውሃ ወሬ ሰውና ግመል ይገድላልና ጥንቃቄው ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። የቡና አገር ውሃ ሞልቶታል፤ ስንፍናችን ከዚያ ሊሆን ይችላል።

መንግሥትም ይህን የጎረቤት መንገድ ሳያውቀው አልቀረም። የኤችአይቪ ስርጭት ባየለበት ጊዜ ስለ በሽታው ለማስተማር የተመረጠው አንዱ ዘዴ የቡና ጠጡ ፕሮግራም ነበር፤ በፖስተር ላይ የማይጠየቀው ጥያቄ በሲኒ ላይ ተጠየቀ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ሠራተኛዋን ወደ ደጃፍ ላከ፤ ኋላ 1 ለ 5 የሚባለው የሴቶች አደረጃጀት ተከተለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አንዲት እናት አምስት ጎረቤቶቿን ትነግራለች። ሲተገበር ግን ቃለ ጉባኤ መጣ፣ ፊርማ መጣ፣ ሪፖርት መጣ። ቡናው በየቦታው ቀረ። ጎረቤት ለጎረቤት የሚነግረው መሆኑ ቀርቶ ስለ ጎረቤት የሚነገርበት ነው የሚል ጥርጣሬ ሲገባ ደግሞ ሴቶቹ መጥተው ተቀምጠው፣ ፈርመው፣ ዋናውን ወሬ ለ10 ሰዓቱ ቡና አስቀምጠው መሄድ ያዙ። የወሬ መረብ ዘርግቶ ነጻነቱን መንጠቅ ጀበና ጥዶ ከሰሉን እንደመንሣት ነው።

እስካሁን ያሸነፍኩ መስሎኝ ከሆነ አንድ ተቃውሞ አለ የማላሸንፈው። ይህ መንገድ የሚደርሰው ቡና ለተጠራ ሰው ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለለቀማ ከሌላ ወረዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ሰርቪስ ቤት የተከራየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ትናንት ዕቃውን አራግፎ የገባ ተዛዋሪ መምህር፣ ሕፃኑ በራቸውን አልፎ ይሄዳል። ውሃው ሲጠፋ ጀሪካናቸው ባዶ ሆኖ የሚገኘው የእነሱ ነው። ለቃሚው ደግሞ ዋጋ ሲጨምር የመጨረሻው ሰሚ ነው፤ አንዳንዴ እንዲያውም እንዳይሰማ የሚፈለገው እሱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን፤ ጎረቤት ለመሆን ስንት ወር እንደሚፈጅ ግን አንናገርም። ለእነዚህ ሰዎች ያ ዝናብ ያጠበው ወረቀት ብቸኛ ጎረቤታቸው ነው፤ ስለዚህ ይለጠፍ፣ በደማቅ ይጻፍ፣ ቢቻል በላስቲክ ይሸፈን።

ጊዜ ያባክናል ለሚሉት ብዙ አልልም። ሦስት ሲኒ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያንኑ ያህል የሚፈጅና አንድ ነገር ሳይወስን የሚበተን ስብሰባ ግን በየቢሮው አለና ቅደም ተከተል ይጠበቅ። ቅር የሚለኝ ጊዜው ሳይሆን ድካሙ የማን እንደሆነ ነው። ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ትቀዳለች፣ ወሬውን ታጣራለች፣ ሲኒውን ታጥባለች። ማታ ባልየው እራት ላይ በነጻ ይሰማና ጠዋት ጀበና ቡና የሚሸጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከሰዓት ደግሞ በርጫ ላይ፣ «እኔ እንዳጣራሁት» ብሎ ይጀምራል። የጅማ ወንድ ወሬ ምንጩ ቢመረመር አብዛኛው ከረከቦት የተቀዳ ነው፤ ምንጭ ሲጠቅስ ግን ተሰምቶ አይታወቅም።

እንግዲህ አቤቱታዬ ወረቀት ለሚለጥፉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ነው። ማስታወቂያችሁን ከ10 ሰዓት በፊት ለጥፉ፤ ከዚያ በኋላ የተለጠፈ ወረቀት ለነገው ቡና ያድራል። የቀበሌዎቹን ስም ከላይ፣ አርማችሁን ከታች አድርጉት። ሞንታርቦ የጫነውን ባጃጅም ቡና በሚፈላበት ሰዓት አትላኩት፤ ሙቀጫውን ስለሚያሸንፈው ሁለቱም አይሰሙም። ከለጠፋችሁ በኋላ ደግሞ ጭስ የሚወጣበትን አንድ በር አንኳኩና ወረቀቱ የሚለውን በአፋችሁ ተናገሩ። ሩብ ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋም። ተቀመጡ መባላችሁ አይቀርም፤ እስከ በረካ ቆዩ።